ከደሴ ኮምቦልቻ በአሮጌ ላፕቶፕ፦ የመጀመሪያ ጌማችሁን በጎዶት መስራት

ከደሴ የኮምቦልቻ ሚኒባስ ስትሳፈሩ ጋቢና የመቀመጥ ዕድል ካገኛችሁ የሹፌሩን እግር ተመልከቱ። ሐረጎን ሲወርድ ፍሬን ላይ አይተኛም። ነካ ያደርጋል፣ ይለቃል፣ ከባድ ማርሽ ያስገባል፣ ደግሞ ነካ ያደርጋል። ፍሬን ላይ የተኛ ሹፌር ፍሬኑን ያግለዋል። የጋለ ፍሬን ደግሞ በፈለጉት ሰዓት አይዝም። መንገዱ 25 ኪሎ ሜትር ገደማ ቢሆን ነው። ግን ከ600 ሜትር በላይ ቁልቁል ይወርዳል። ላይ ጉም፣ መሀል ፍየል፣ ከፊት ሲኖትራክ።

ይሄ ጌም ካልሆነ ምን ጌም ይሆናል? በዚህ መመሪያ ጎዶት በሚባል ጌም መስሪያ ፕሮግራም፣ ማለትም ጌም ኢንጂን፣ የምንሰራው እሱን ነው። ከላይ ወደ ታች የሚታይ፣ በስልክ የሚጫወቱት ትንሽ ጌም። አንድ ሚኒባስ፣ አንድ መንገድ፣ አንድ የፍሬን ሙቀት መለኪያ። መንገድ ላይ ዘመናዊ ጌም ኢንጂን ምን ምን እንደሚሰራላችሁ ታያላችሁ። ኮድ ጽፋችሁ የማታውቁ ከሆነ አብሽሩ፣ ቀስ ብለን ነው የምንወርደው።

ኢንጂኑ የሚሰራው፣ እናንተ የምትሰሩት

ሚኒባስ የገዛ ሰው ሞተር አይፈበርክም። ወንበሩን ያለብሳል፣ መስታወቱ ላይ ጥቅስ ይለጥፋል፣ መስመር ይዞ ሥራ ይጀምራል። ጌም ኢንጂንም እንደዚያው ነው። ሥዕሉን በሰከንድ 60 ጊዜ ስክሪን ላይ ይስላል። ሁለት ነገሮች ሲነካኩ ያውቃል። ድምፅ ያጫውታል። የጣት ንክኪና የኪቦርድ ቁልፍ ይቀበላል። ሥራው ሲያልቅ ለዊንዶውስ፣ ለአንድሮይድ ወይም ለብራውዘር ጠቅልሎ ያወጣዋል። የእናንተ ድርሻ ጥቅሱና መስመሩ ነው። ሚኒባሱ ምን ያህል ይፈጥናል? ፍሬኑ መቼ ይግላል? ፍየል ከተነካች ማን ይከፍላል?

ድሮ ጌም ሰሪ ይህን ሁሉ ለየጌሙ ከባዶ ይጽፍ ነበር። «ጌም ኢንጂን» የሚለው አጠራር የተለመደው እ.ኤ.አ. በ1990ዎቹ አጋማሽ ነው። አንዱ የሰራውን ሞተር ሌላው ከፍሎበት የራሱን ጌም መስራቱ የተስፋፋውም ያኔ ነው።

የትኛውን ልያዝ?

ስማቸው ጎልቶ የሚሰማው ሦስት ናቸው። አንሪል የኤፒክ ጌምስ ነው። 5ኛው ትውልድ እ.ኤ.አ. በ2022 ወጥቷል። ናናይት የሚባለው ክፍሉ እጅግ የተብራሩ ቅርጾችን ይሸከማል። ሉመን የሚባለው ደግሞ ብርሃን ከግድግዳ ግድግዳ ሲንጸባረቅ እዚያው በዚያው ያሰላል። ኮዱ የሚጻፈው ሲ ፕላስ ፕላስ በሚባል ቋንቋ ነው፣ ወይም ሳጥን ከሳጥን እያገናኙ የሚሰሩበት ብሉፕሪንት። ጌሙ 1 ሚሊዮን ዶላር እስኪያስገባ ክፍያ የለውም፤ ከዚያ በላይ ካለው ገቢ በመደበኛው 5 በመቶ ይወስዳል።

ዩኒቲ በሲ ሻርፕ የሚሰራ፣ በሞባይል ጌም ዓለም በጣም የተስፋፋ ነው። እ.ኤ.አ. በ2023 ጌሙ በተጫነ ቁጥር ክፍያ እጠይቃለሁ ብሎ ጌም ሰሪውን ሁሉ አስቆጥቶ ነበር። በዓመቱ ሐሳቡን ሰረዘው። ብዙ ሰው ወደ ሦስተኛው የኮበለለው በዚያ ሰሞን ነው።

ሦስተኛው ጎዶት ነው። ሁዋን ሊኒየትስኪና አሪኤል ማንዙር የተባሉ ሁለት አርጀንቲናውያን የጀመሩት። እ.ኤ.አ. በ2014 ኮዱን ለማንም ክፍት አደረጉት። ፈቃዱ ኤምአይቲ የሚባለው ነው። ጌማችሁን ብትሸጡም አንድ ብር አትከፍሉም፤ የፈቃዱን ጽሑፍ ጌሙ ውስጥ ማካተት ብቻ ነው የሚጠበቅባችሁ።

እኔ መጀመሪያ የሄድኩት ወደ ጎዶት አልነበረም። ስሙን ልተወውና፣ አንዱን ግዙፍ ኢንጂን የሌሊት ፓኬጅ እየገዛሁ ሦስት ሌሊት አወረድኩ። በአራተኛው ቀን ከፈትኩት። 4 ጊጋባይት ራም ያላት ላፕቶፔ እንደ እህል ወፍጮ ጮኸች። ባዶ ሜዳ አሳየችኝና ቀጥ አለች። ጥፋቱ የኢንጂኑ አልነበረም። ሲኖትራክ በባጃጅ ጋራዥ ላስገባ ነው የሞከርኩት። ስለዚህ ምርጫውን ከላፕቶፓችሁ ጀምሩ። ጥሩ ግራፊክስ ካርድና 32 ጊጋባይት ራም ያለው ሰው አንሪልን ይሞክር፣ አይቆጭም። የተቀረነው ጎዶት እንያዝ።

ማውረድ

ከጎዶት ዋና ድረ ገጽ 4ኛውን ትውልድ አውርዱ። ሁለት ዓይነት ታያላችሁ። ዶት ኔት የሚል የተጻፈበት ለሲ ሻርፕ ነው፣ እሱን እለፉት። መደበኛው ዚፕ ከ100 ሜጋባይት በታች ነው። ኔትወርኩ ደህና ከሆነ አቦሉ ተጠጥቶ ቶናው ሳይደርስ ያልቃል። ኢንስቶል የሚባል ነገር የለውም። ዚፑን ፈትታችሁ ፋይሉን ሁለቴ ትነካላችሁ፣ ይከፈታል። ከፍላሽ ላይም ይሰራል። ላፕቶፓችሁ ኦፕን ጂኤል 3.3 የሚባለውን የግራፊክስ ደረጃ የሚችልና 4 ጊጋባይት ራም ያለው ከሆነ ይበቃል።

ለእኛ ትልቁ ነገር ግን ሌላ ነው። ኤፍ 1 ስትጫኑ የእያንዳንዱ ክፍል ማብራሪያ ያለ ኢንተርኔት ይከፈታል። ሙሉ መመሪያውንም አንዴ አውርዶ ማስቀመጥ ይቻላል። ካርድ ባለቀ ቁጥር ትምህርት አይቆምም።

ላፕቶፕ የሌላችሁ፣ ኤዲተሩ ለአንድሮይድም ወጥቷል። ታብሌት ላይ ደህና ነው። በትንሽ ስልክ ግን ዓይን ያጠፋል፤ አልመክርም።

ፕሮጀክቱን መክፈት

«ኒው ፕሮጀክት» በሉ። ስም ስትሰጡ ፎልደሩንም ሆነ በኋላ የምትጨምሩትን ፋይል ሁሉ በላቲን ትንንሽ ፊደል፣ ያለ ክፍት ቦታ ጻፉ። ዊንዶውስ ትልቁንና ትንሹን ፊደል አይለይም። አንድሮይድ ይለያል። ላፕቶፕ ላይ የሚሰራ ጌም ስልክ ላይ «ፋይሉ የለም» ብሎ ሲሞት አብዛኛውን ጊዜ ሰበቡ ይህ ነው።

ከዚያ ሬንደረር ምረጡ ይላችኋል። ሬንደረር ማለት ሥዕሉን የሚስለው ክፍል ነው። ሦስት ምርጫ አለ፦ ፎርዋርድ ፕላስ፣ ሞባይልና ኮምፓቲቢሊቲ። ኮምፓቲቢሊቲን ምረጡ። በአሮጌ ማሽንና በርካሽ ስልክ የሚሄደው እሱ ነው፣ ለኛ ዓይነት ጠፍጣፋ ጌም ደግሞ ከበቂ በላይ ነው።

ፕሮጀክት ሴቲንግስ ውስጥ ዲስፕሌይ፣ ከዚያ ዊንዶው ግቡ። ስፋቱን 720፣ ቁመቱን 1280 አድርጉ። ኦሪየንቴሽኑን ፖርትሬት በሉት። ስትሬች ሞድ የሚለውን ካንቫስ አይተምስ አድርጉት፤ ስክሪኑ የተለያየ ስልክ ላይ ጌሙ አብሮ እንዲሰፋና እንዲጠብብ ነው።

አሁን ኮንትሮል ኤስ ተጫኑ። ከዚህ በኋላ በየአምስት ደቂቃው ተጫኑት። እኔ ሁለት ሰዓት ሙሉ ያነጠፍኩት መንገድ መብራት ሲሄድ አብሮ ሄዷል። የላፕቶፔ ባትሪ ከሞተ ቆይቷል።

ሚኒባሱን መገጣጠም

ጎዶት ውስጥ ሁሉም ነገር ኖድ ነው። ሥዕል አንድ ኖድ፣ ድምፅ አንድ ኖድ፣ ካሜራ አንድ ኖድ። ኖዶች በወላጅና በልጅ ይያያዛሉ። የልጁ ቦታ የሚለካው ከወላጁ ነው። መስኮት ጥግ የተቀመጠ ተሳፋሪን አስቡት። ሚኒባሱ ሐረጎ ቢደርስም እሱ ያው መስኮት ጥግ ነው። ሚኒባሱን ካንቀሳቀሳችሁ ልጆቹ ሁሉ ሳትነግሯቸው አብረው ይሄዳሉ። እንዲህ የተያያዘ የኖድ ስብስብ ሲን ይባላል።

አዲስ ሲን ክፈቱና ዋና ኖዱን ካራክተር ቦዲ ቱዲ አድርጉት፤ ቱዲ (2D) ማለት ጠፍጣፋ ማለት ነው። ይህ በኮድ የሚነዳ፣ ግድግዳ ሲያገኝ የሚቆም አካል ነው። የመረጣችሁት ኖድ ቅንብር በሚታይበት ሰሌዳ፣ በኢንስፔክተሩ፣ ላይ ሞሽን ሞድ የሚለውን ፍሎቲንግ አድርጉት። ሌላኛው ምርጫ ለሚዘል ገጸ ባሕርይ፣ ወለልና ጣሪያ ላለው ጌም ነው። የኛን ግን ከሰማይ ነው የምናየው።

ከሥሩ ሦስት ልጆች ጨምሩ። ስፕራይት ቱዲ ሥዕሉን ይይዛል። ኮሊዥን ሼፕ ቱዲ የሚነካውን ወሰን ያሳያል፤ ባለ አራት ማዕዘን ስጡት፣ ከሥዕሉ ትንሽ ጠበብ ይበል። ተጫዋች በጸጉር ርቀት ሲያልፍ «ነካህ» ከተባለ ይናደዳል። ካሜራ ቱዲ ሚኒባሱን ይከተላል። ኦፍሴቱን በቁመት በኩል 350 ስጡት፣ ከኋላ ይልቅ ከፊት ብዙ እንዲታይ።

እዚህ ጋ አንድ የሚያምር አጋጣሚ አለ። በጎዶት ጠፍጣፋ ዓለም ውስጥ የቁመቱ ቁጥር ወደ ታች ሲሄድ ይጨምራል። ለብዙ ጀማሪ ግራ ነው። ለኛ ግን ልክ ነው፤ ደሴ ላይ 0፣ ኮምቦልቻ ታች 25,000። 1,000 ፒክስል አንድ ኪሎ ሜትር ሆነ ማለት ነው። ሥዕሉ ወደ ላይ የዞረ መኪና ከሆነ ስፕራይቱን ብቻ 180 ዲግሪ አዙሩት፣ ዋናውን ኖድ አትንኩ።

ሥዕል ከየት? ኬኒ የሚባለው ድረ ገጽ ላይ ያለ ምንም ክፍያና ቅድመ ሁኔታ የሚወሰዱ ብዙ የጌም ሥዕሎች አሉ። ሰማያዊና ነጭ ሚኒባስ ግን እዚያ አታገኙም። ክሪታ በሚባለው የሥዕል ፕሮግራም ራሳችሁ ሳሉ። የእኔ የመጀመሪያው የጫማ ካርቶን ይመስል ነበር፣ ማንም አላማረረም።

መንገዱን ታይል ማፕ ሌየር በሚባለው ኖድ አንጥፉ። ልክ እንደ ሴራሚክ ነው። 64 በ64 ፒክስል የሆኑ ቁርጥራጮችን፣ አስፋልት፣ ሳር፣ ገደል፣ እየደረደራችሁ ትሞላላችሁ። ለገደሉ ቁራጭ ብቻ የፊዚክስ ወሰን ስጡት።

ኮዱ፦ ቁልቁለት፣ ፍሬን፣ ሙቀት

መጀመሪያ ቁልፎቹን እንሰይም። ፕሮጀክት ሴቲንግስ ውስጥ ኢንፑት ማፕ አለ። አራት ድርጊት ጨምሩ፦ ግራ፣ ቀኝ፣ ፍሬን፣ ከባድ ማርሽ። ስማቸውን በላቲን ጻፉና ለየአንዳንዱ የኪቦርድ ቁልፍ ስጡት። በኋላ የስልኩን ቁልፍ እዚሁ ስም ላይ ታስሩታላችሁ፣ ኮዱ አይነካም።

ሚኒባሱ ላይ ስክሪፕት፣ ማለትም የኮድ ፋይል፣ ጨምሩ። ቋንቋው ጂዲስክሪፕት ነው። ፓይተን የሚባለውን የኮድ ቋንቋ ያየ ሰው ወዲያው ይግባባዋል። መስመር ገባ ብሎ ሲጀምር «የላይኛው ትእዛዝ አካል ነኝ» ማለት ነው። ገባ የምትሉት በታብ ከሆነ እስከ መጨረሻው በታብ ይሁን፤ ከስፔስ ጋር ከቀላቀላችሁ ቀይ መስመር ያወጣል።

ኢንጂኑ ፊዚክስ ፕሮሰስ የሚባለውን ክፍል በሰከንድ 60 ጊዜ ይጠራዋል። እዚያ ውስጥ የምንጽፈው ሐሳብ በአማርኛ ይህን ይመስላል፦

ከባድ ማርሽ ከገባ የፍጥነት ጣሪያ 250 ይሁን፣ ካልገባ 600።
ፍጥነት በ60 × ዴልታ ወደ ጣሪያው ይጠጋ።
ፍሬን ከተያዘ፣ ፍሬኑም ካልጋለ፣ ፍጥነት በ200 × ዴልታ ይቀንስ፣ ሙቀት በ25 × ዴልታ ይጨምር።
ካልሆነ ሙቀት በ8 × ዴልታ ይቀንስ።
ሙቀት 100 ከደረሰ ፍሬኑ ጋለ።
ሙቀት ከ60 ከወረደ ፍሬኑ በረደ።
ፍጥነትም ሙቀትም ከ0 በታች አይውረዱ።

ሰባት መስመር ናት። ጌሙ ግን በሙሉ እሷ ውስጥ ነው። ስለዚህ ትንሽ እንቆይባት።

«ይጠጋ» ያልኩት ሙቭ ቶዋርድ በሚባል የጎዶት ትእዛዝ ነው የሚሰራው። ለምን ፍጥነቱን በቀጥታ 250 አላደረግነውም? በ600 እየበረረ ከባድ ማርሽ ሲገባ በአንድ ቅጽበት 250 ቢሆን ተሳፋሪው ሁሉ የፊቱን ወንበር በግንባሩ ይመታል። ሲጠጋ ግን ሞተሩ እያጓራ ይይዘዋል። ልክ እንደ እውነቱ።

ዴልታ ማለት ካለፈው ጥሪ ወዲህ ያለፈው ጊዜ ነው፣ በሰከንድ። እሱ ባይኖር ኢንጂኑ በጠራን ቁጥር እኩል ነበር የምንጨምረው። ጥሪው በሰከንድ 30 ጊዜ በሆነበት ማሽን ሚኒባሱ ይዝላል፣ 120 በሆነበት ያብዳል። በዴልታ ስናባዛ ግን የትም ቢጫወቱት በአንድ ሰከንድ የሚጨምረው ያው 60 ነው። አንድ ማስጠንቀቂያ አለ። የመጨረሻውን ፍጥነት ቬሎሲቲ ለሚባለው ሰጥታችሁ ሙቭ አንድ ስላይድ ስትሉ ዳግም በዴልታ አታባዙ። እሱ ጊዜውን ራሱ ይቆጥራል። ብታባዙ ሚኒባሱ እንደ ቀንድ አውጣ ይሄዳል፣ ምክንያቱንም ስትፈልጉ ታመሻላችሁ። ቬሎሲቲ ሁለት ቁጥር አለው፤ የቁመቱ የኛ ፍጥነት ነው፣ የጎኑ ግራና ቀኝ ስትይዙ 300 ይሁን።

አሁን ሒሳቡን እዩት። ፍሬኑን ያለማቋረጥ ከያዛችሁ በአራት ሰከንድ ይግላል። ከ100 ወደ 60 ለመብረድ አምስት ሰከንድ ይፈልጋል። በሐረጎ ጥምዝ ላይ አምስት ሰከንድ ያለ ፍሬን ማለት ምን እንደሆነ ለናንተ አልነግርም። «እሺ፣ በከባድ ማርሽ ብቻ ልውረድ» የሚል ብልጥ ይመጣል። 25,000 ለ250 ሲካፈል 100 ሰከንድ ነው። ስለዚህ የጉዞውን ሰዓት 90 ሰከንድ አድርጉት። ብልጡ አይደርስም። ፈሪውም ደፋሩም ይወድቃል፤ የሚደርሰው እያፈራረቀ የነዳው ነው።

እነዚህን ቁጥሮች፣ 60ን፣ 200ን፣ 25ን፣ 8ን፣ በኮዱ መሀል አትቅበሯቸው። ከላይ ስም ስጧቸውና ከፊታቸው ኤክስፖርት (@export) የሚለውን ቃል አድርጉ። ያኔ በኢንስፔክተሩ ላይ እንደ ሬዲዮ ቁልፍ ይወጣሉ። ኮድ ሳትከፍቱ ከፍ ዝቅ እያደረጋችሁ ትሞክራላችሁ። ኤፍ 5 ጌሙን በሙሉ፣ ኤፍ 6 የተከፈተውን ሲን ብቻ ያስነሳል። እኔ ኮዱን በአንድ ምሽት ጨርሼ ቁጥሮቹ ላይ ሁለት ሳምንት ከረምኩ። አልቆጭም። ሰው «ይጣፍጣል» የሚለው እነሱን ነው።

ፍየሎችና «ወራጅ አለ»

ፍየሏ የራሷ ሲን ይኑራት። ዋናው ኖድ ኤሪያ ቱዲ፣ ከሥሩ ስፕራይትና ኮሊዥን ሼፕ። አንዴ ሠርታችሁ መንገዱ ላይ 40 ጊዜ ትተክሏታላችሁ። ዋናዋን ቀይ ብትቀቧት 40ዎቹም ይቀላሉ።

ሚኒባሱ ሲነካት እንዴት እናውቃለን? በሲግናል። ሲግናል ማለት «ወራጅ አለ!» ማለት ነው። ተሳፋሪው ፍሬን እንዴት እንደሚያዝ ማወቅ የለበትም። ይጮሃል፣ ሹፌሩ ይቆማል። ኤሪያ ቱዲ ቦዲ ኤንተርድ የሚባል ሲግናል አለው። ኖዱን መርጣችሁ በኢንስፔክተሩ ጎን ያለውን የኖድ ገጽ ስትከፍቱ ታገኙታላችሁ። ሁለቴ ነክታችሁ ከፍየሏ ስክሪፕት ጋር አገናኙት። እዚያ ውስጥ ከተጫዋቹ ሒሳብ ለባለቤቷ ካሳ የሚቀንስ መስመር ጻፉ። ፍየሏ አትሞትም፣ ትሸሻለች። ልጆች ናቸው የሚጫወቱት።

የእኔ ጌም መጀመሪያ ላይ ሳልነዳ ካሳ ያስከፍለኝ ነበር። ሚኒባሱ ደሴ ቆሟል፣ ብሩ ግን ይቀንሳል። አንድ ማታ ሙሉ ፈለግኩት። ለካ ገደሉ አጠገብ የቆመችው ፍየል የገደሉን ወሰን ነክታ ኖሯል። ለእሷ ገደሉም «አካል» ነው። መፍትሔው ኮሊዥን ሌየርና ማስክ ነው። ሌየር «እኔ የት ነኝ» ይላል፣ ማስክ «ማንን አያለሁ» ይላል። ሚኒባሱን ሌየር 2 ላይ አድርጉት፣ የፍየሏን ማስክ 2 ብቻ አድርጉት። የሚኒባሱ ማስክ 1 እንደሆነ ይቆይ፤ ገደሉን ማየት አለበት።

ጉም፣ ፊደልና ድምፅ

ጉሙ ቀላል ነው። ካንቫስ ሌየር፣ ማለትም ከጌሙ በላይ የሚነጠፍ ንጣፍ፣ ጨምሩ፣ ከሥሩ ስክሪኑን የሚሸፍን ነጭ ከለር ሬክት። አልፋውን፣ ማለትም የድፍነቱን መጠን፣ ከሚኒባሱ የቁመት ቁጥር ጋር እሰሩት። ደሴ ላይ 0.6፣ ወደ ታች ሲወርድ እየሳሳ፣ ኮምቦልቻ ሳይደርስ 0። የክረምት ጠዋት ወርዶ የሚያውቅ ሰው ፈገግ ይላል። የሙቀት መለኪያው ፕሮግረስ ባር ነው። በሌላ ካንቫስ ሌየር ላይ፣ የሌየሩ ቁጥር ከጉሙ በልጦ ይቀመጥ። አለበለዚያ ጉሙ ይሸፍነዋል።

አማርኛ ጽሑፍ ላይ ብዙ ሰው ይሸወዳል። «ፍሬኑ ጋለ!» ብላችሁ ትጽፋላችሁ፣ ላፕቶፑ ላይ ጥሩ ይታያል። ጎዶት ይዞት የሚመጣው ፎንት ግን የግዕዝ ፊደል የለውም፤ ላፕቶፑ ላይ የታየው ከዊንዶውስ ተበድሮ ነው። ብራውዘር ላይ ሲወጣ ሳጥን ሳጥን ይሆናል። ኖቶ ሳንስ ኢትዮፒክን ወይም አቢሲኒካ ኤስአይኤልን አውርዱ፤ ሁለቱም ነጻ ናቸው። ፕሮጀክቱ ውስጥ ጨምሩና ፕሮጀክት ሴቲንግስ፣ ጂዩአይ፣ ቲም ውስጥ ከስተም ፎንት በሚለው ላይ አስቀምጡት።

ለድምፅ ስልካችሁ ይበቃል። መናኸሪያ ሄዳችሁ አንዱን ረዳት አስፈቅዳችሁ «ኮምቦልቻ ኮምቦልቻ!» ሲል ቅረጹት። አስፈቅዳችሁ ነው ያልኩት። ኦዳሲቲ በሚባለው የድምፅ ማስተካከያ ፕሮግራም ቁረጡት። አጫጭሩን ዌቭ፣ ረጅሙን ሙዚቃ ኦግ አድርጋችሁ አስቀምጡ። ለሙዚቃ የታወቀ ዘፋኝ ዘፈን አትውሰዱ፣ የሰው ንብረት ነው። ወሎ ተቀምጦ ሙዚቃ ቸገረኝ የሚል ሰው ደግሞ ያስቀኛል። ክራር የሚመታ ጓደኛ ፈልጉና አምባሰል ወይም ባቲ ለሁለት ደቂቃ ይጫወትላችሁ።

ወደ ስልክ

ይህ ክፍል አሰልቺ ነው፣ ግን አንዴ ነው። ጥሩ ዋይፋይ ያለበት ቦታ ሄዳችሁ ጨርሱት። ጌሙን ጠቅልሎ ለማውጣት የሚያስፈልገው ኤክስፖርት ቴምፕሌት ብቻ ወደ 1 ጊጋባይት ይጠጋል። ከዚያ የአንድሮይድ መተግበሪያ መስሪያ የሆኑት ጃቫ ዲቬሎፕመንት ኪት 17 እና የአንድሮይድ ኤስዲኬ ያስፈልጋሉ። የሁለቱን ፎልደር በኤዲተር ሴቲንግስ፣ ኤክስፖርት፣ አንድሮይድ ውስጥ አሳዩት።

ለጣት ተች ስክሪን በተን የሚባሉ ኖዶች ጨምሩ። አክሽን በሚለው ላይ ቀድመን የሰየምናቸውን ድርጊቶች ስም ጻፉ። በቃ።

ኤክስፖርት ስትሉ ኢቲሲ 2 እና አስቲሲ ስለሚባሉ የሥዕል ማመቂያ ዓይነቶች የሚያወራ ቀይ ጽሑፍ ሊመጣ ይችላል። አትደንግጡ። ፕሮጀክት ሴቲንግስ፣ ሬንደሪንግ፣ ቴክስቸርስ ውስጥ ኢምፖርት ኢቲሲ 2 አስቲሲ የሚለውን አብሩ። ሌላው፣ ከመነሻው የሚመረጠው ባለ 64 ቢት ስልክ ብቻ ነው። ሰፈር ውስጥ አሮጌ ስልክ ብዙ ነው፤ ባለ 32 ቢቱንም ምልክት አድርጉ፣ ፋይሉ ትንሽ ቢወፍርም። የሚወጣውን ኤፒኬ፣ ማለትም ስልክ ላይ የሚጫነውን ፋይል፣ በቴሌግራም ወይም በፍላሽ አድሉት። ፕሌይ ስቶር ላይ ለማውጣት አንዴ የሚከፈል 25 ዶላርና በውጭ ምንዛሪ የሚከፍል ካርድ ያስፈልጋል፤ ለመጀመሪያ ጌም አትቸኩሉ።

ፕሮጀክቱን ለጓደኛ ስትሰጡ ነጥብ ጎዶት የሚለውን ፎልደር አውጥታችሁ ስጡ። የኢንጂኑ ጊዜያዊ ጓዳ ነው፣ ሲከፈት ራሱ መልሶ ይሰራዋል።

ጌሙን ለሚነዳ ሰው ስጡትና ዝም ብላችሁ እዩት። አታስረዱት። እኔ መጀመሪያ የሰጠሁት ለአንድ ጡረታ የወጣ ሹፌር ነበር። ሦስት ጊዜ ወደቀ። ከዚያ ስልኩን መለሰልኝና «ልጄ፣ ፍሬኑ ቶሎ ነው የሚበርደው፤ የሐረጎ ፍሬን እንዲህ አይበርድም» አለኝ። 8 የነበረውን 6 አደረግኩት።

ከጌም ውጪ

ይኸው ኢንጂን ሌላም ይሠራል። አርክቴክቶች ያልተሠራ ሕንፃ ውስጥ ደንበኛ ያስገቡበታል። ፊልም ሰሪዎች ከተዋናዩ ጀርባ ባለ ግዙፍ ስክሪን ላይ ተራራና ሰማይ ያወጡበታል። ፋብሪካዎች አዲስ ሠራተኛ ማሽኑን ሳይነካ አደጋውን እንዲያውቅ ያሰለጥኑበታል። ኮምቦልቻ ኢንዱስትሪ ፓርክ አጠገባችን ስላለ ይህ የመጨረሻው ለኛ ሩቅ አይመስለኝም። የኛው የፍሬን መለኪያም ትንሽ ቢታረም የመንጃ ፈቃድ ተማሪ ከባድ ማርሽ ለምን እንደሚያስፈልግ በጣቱ ሊያውቅበት ይችላል።

ሁለተኛው ደረጃ የመልስ ጉዞ ነው። ከኮምቦልቻ ደሴ ሽቅብ ነው። ፍጥነቱ በራሱ አይጨምርም፣ ይቀንሳል። የፍሬኑ መለኪያ ቦታውን ለራዲያተሩ ይለቃል፤ ነዳጅ በረገጣችሁ ቁጥር ውሃው ይሞቃል። ከሰባቱ መስመሮች ሦስቱን ብቻ መቀየር ነው። ራዲያተሩ ሲፈላ ቆሞ ውሃ የሚጨመርበትን ቦታ ግን መንገዱ ላይ የት እንደምታደርጉት እናንተ ታውቃላችሁ።